ሹፌሩን ማን መደበው? (ስለ ምድር ባቡራችን የፈረቃ ሰሌዳ)

ባለፈው ስለ ምድር ባቡር ትንሽ ነገር ስለጥፍ ከሥሩ የመጣው ክርክር ሁሉ «ባቡሩን ያመጣው ማነው?» በሚለው ላይ ነበር። አንዱ ምኒልክ አለ፣ ሌላው ኢልግ አለ፣ ሦስተኛው ፈረንሳዮች ናቸው አለ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ባቡሩን ጭራሽ ትተው በዘር መሰዳደብ ጀመሩ። እኔ ግን የታሪክ አስተማሪ ነኝና ሌላ ጥያቄ ይከነክነኛል። ባቡር ማምጣት የአንድ ፊርማ ነገር ነው። በየቀኑ ጧት ማስነሳቱስ? ዛሬ ማን ይነዳል፣ ማን ከሰል ይጨምራል፣ የታመመውን ማን ይተካል፣ ትናንት ሌሊት የገባው መቼ ይተኛል ብሎ የሚያስበው ሰው ማነው? ስሙን አናውቀውም፣ ሐውልትም የለውም። ዛሬ ስለ እሱ ልጻፍ። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

የሚታወቀውን ቶሎ ልለፈው። ፈቃዱ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ሥራው የተጀመረው በ1890 ሲሆን ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሠረ፣ በምትኩ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የተባለው አዲሱ ኩባንያ ተቋቋመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ሲጠናቀቅ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። «ለገሃር» የምንለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ያን 784 ኪሎ ሜትር አንድ ሹፌር አይነዳውም። መንገዱ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ድሬዳዋ ላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍታ ይደርሳል። ከዚያ ወደ አዋሽ ዝቅ ይላል፤ ከአዋሽ በኋላ በመተሐራ፣ በወለንጪቲ፣ በናዝሬት፣ በሞጆ፣ በደብረ ዘይት፣ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ብርድ ይወጣል። በድሮው ጊዜ ተራው የመንገደኛ ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ ይታደራል። የአዋሹ ቡፌ ያን ያህል ስም ያወጣው በወጡ አይመስለኝም፣ ባቡሩ እዚያ ስለሚያድር ነው። የፈረንጅ ተጓዦች ስለ ቡፌው አልጋና ስለ ራቱ ብዙ ጽፈዋል። ባቡሩን ነድቶ ያመጣቸው ሰው የት እንደተኛ ግን አይጽፉም።

ስለዚህ መንገዱ በራሱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ከድሬዳዋ አዋሽ 250 ይጠጋል፣ ከአዋሽ አዲስ አበባ 230 ያህል ነው። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ቀን ሥራ ነው።

እስቲ እንደ ክፍል ውስጥ አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሩ ከኩባንያው መዝገብ የተወሰደ አይደለም፣ የባቡር ሥራ ምን ዓይነት ነገር መሆኑን ለማሳየት የሠራሁት ነው። በቀን አንድ ባቡር ወደ ላይ፣ አንድ ባቡር ወደ ታች ይሂድ እንበል። የድሬዳዋው ቡድን ሰኞ ጅቡቲ ወርዶ ያድራል፣ ማክሰኞ ይመለሳል። እሱ ሲወርድ የሚወጣው ሌላ ቡድን ነው። ስለዚህ ለአንዱ ክፍል ብቻ ሁለት ቡድን ያስፈልጋል፤ ያውም ሰዎቹ አንድ ቀን እንኳ ሳያርፉ ከሠሩ ነው። ደርሶ መልስ ከሠሩ በኋላ አንድ ቀን ቤታቸው ይዋሉ ካልን ሦስት ቡድን ይሆናል። ወባ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የዓመት ፈቃድ አለ፤ ስለዚህ አንድ ተጠባባቂ ጨምረን አራት እናድርገው። ሦስት ክፍል ሲባዛ በአራት 12 ቡድን። በእንፋሎቱ ዘመን አንድ ቡድን ማለት ሹፌሩ፣ እሳት የሚያነደው፣ የባቡሩ አዛዥና ፍሬን የሚይዘው ነው። አሥራ ሁለት ሲባዛ በአራት 48 ሰው። ይህ የጣቢያ ሹሞችን፣ ሐዲድ ጠጋኞችን፣ የጋራዥ ሠራተኞችን፣ ቲኬት ቆራጮችን፣ ውኃ ቀጂዎችን ሳይጨምር ነው። ላይ ታች ለሚሉ ሁለት ባቡሮች ወደ 50 ሰው! እነዚህን ሰዎች በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው ከተማ፣ ተኝተውና ጠግበው እንዲገኙ ማድረግ የአንድ ቢሮ ሥራ ነው።

ሰሌዳ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ ያምራል። ይህን ከራሴ ሥራ አውቀዋለሁ። የምናስተምርበት የስደተኞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ የማወጣው እኔ ነኝ። ነሐሴ ላይ አሳምሬ አወጣዋለሁ፣ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት የፊዚክስ አስተማሪው ለወረቀቱ ጉዳይ ይጠራና ሙሉው ሐሙስ ይፈርሳል። ይሁንና የእኔ ሰሌዳ ቢፈርስ ልጆቹ ሜዳ ወጥተው ኳስ ይጫወታሉ። የባቡሩ ሲፈርስ ሌላ ነው።

ምክንያቱም መስመሩ ነጠላ ነው። የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር የሚሄዱት በአንድ ሐዲድ ነው፤ የሚተላለፉት ሁለተኛ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። ኤረር ወይም አፍደም ላይ አንዱ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ነጠላ መስመር የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የጣቢያው ሹም ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ደውሎ መስመሩ ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡር አይለቅም። መልሱን ይጽፋል፣ ሰዓቱን ይጽፋል፣ ከዚያ ለሹፌሩ ፈቃድ ይሰጣል። ስልኩ በተበላሸ ቀን ባቡር ይቆማል። አንዱ ባቡር ሁለት ሰዓት ሲዘገይ የሚጠብቀውም ሁለት ሰዓት ይዘገያል፣ እሱን የሚጠብቀውም እንዲሁ። ማታ 1 ሰዓት ድሬዳዋ መግባት የነበረበት ቡድን እኩለ ሌሊት ይገባል። ንጋት ላይ የሚነሳውን ባቡር ይዞ እንዲሄድ የተመደበው ደግሞ ያው ቡድን ነው። እንግዲህ መዳቢው በዚያ ሌሊት ሁለት ምርጫ አለው፦ የጧቱን ባቡር ማዘግየት ወይም ያልተኛ ሰው መላክ። ባቡሩን ካዘገየ ከአለቆቹ ይሰደባል። ያልተኛ ሰው ከላከ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። «አብዛኛውን ጊዜ» የምትለዋ ናት ችግሯ፤ ወደኋላ እመለስባታለሁ።

የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በፈረንሳይኛ ወረቀት ላይ 6 ሰዓት የተባለው ለእኛ ከጧቱ 12 ነው፤ ወሩም ሌላ፣ ዓመቱም ሌላ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያደጉ ወዳጆቼ አባቶቻቸው ልጅ በፈረንሳይኛ ሲቆጡ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ሲገበያዩ፣ በአማርኛ ሲጸልዩ እንደነበር ያጫውቱኛል። ከላይ ያለው ሥልጣን ለብዙ ዓመታት የፈረንሳዮች ነበር። ከእነሱ በታች ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ ዐረቡ ነበር፤ ሐዲዱን የዘረጋውና እሳቱን ያነደደው ግን በብዛት የአካባቢው ሰው ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ የመጣውና ድርሻው ግማሽ በግማሽ የሆነው በ1952 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ነው። እስከዚያ ድረስ ከአዋሽ የሚነሳው ሰው ጉዳይ ፓሪስ ውስጥ ይወሰን ነበር ማለት ነው።

ከድሬዎች የሰማሁት አንድ ነገር ግን በጣም ደስ ይለኛል። የዒድ ቀን ክርስቲያኑ ይገባል፣ የፋሲካ ቀን ሙስሊሙ ይገባል። ማንም ሳያዛቸው እርስ በርስ ፈረቃ ይቀያየሩ ነበር ይላሉ። ዛሬ ስለ መቻቻል በየሆቴሉ ስብሰባ ይደረጋል፤ እነዚያ ሰዎች ግን ነገሩን በሰሌዳ ጨርሰውታል።

እዚህ ናይሮቢ የምትኖሩ ደግሞ ከተማችሁ የድሬዳዋ እህት መሆኗን ታውቃላችሁ? ሁለቱንም የወለዳቸው የባቡር ሠራተኛ እረፍት ነው። የዩጋንዳው ባቡር ከሞምባሳ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1899 ናይሮቢ ሲደርስ እዚህ ከተማ አልነበረም። ወደ ስምጥ ሸለቆው ከመውረዱ በፊት ያለው የመጨረሻው ሜዳ ስለነበረ ሎኮሞቲቭ የሚጠገንበት፣ ሰው የሚቀየርበት፣ ዕቃ የሚከማችበት ቦታ ሆነ። ድሬዳዋም ከተራራው ግርጌ ያለች ሜዳ ነበረች። ሙቱርዋ ገበያ ስትሄዱ የምታዩት አካባቢ የባቡር ሠራተኞች መኖሪያ የነበረ ነው።

እዚህ ግን ሰሌዳው በቀለም ተከፋፍሎ ነበር። አለቃውና ሹፌሩ ነጭ፣ የጣቢያ ሹሙ፣ ጸሐፊውና የእጅ ባለሙያው ህንድ፣ የቀረው ሁሉ አፍሪካዊ። መስመሩን ለመሥራት ከህንድ ወደ 32 ሺህ ሰው መጥቶ 2,493ቱ መሞታቸው ተመዝግቧል። የእረፍቱን ችግር ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። የእኛዎቹ ባቡሩን አቁመው አደሩ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ባቡሮች ግን ለረጅሙ ጉዞ የመኝታ ፉርጎ ከባቡሩ ጋር ቀጠሉ። አንዱ ቡድን ሲነዳ ሌላው እዚያ ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡት 34 ግዙፍ የጋራት ሎኮሞቲቮች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ቋሚ ቡድን ነበራቸው። አንዷ፣ «ማውንት ጌላይ» የተባለችው፣ ናይሮቢ ባቡር ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዩ። በሚንቀጠቀጥ ፉርጎ ውስጥ እንቅልፍ ምን ያህል እንቅልፍ እንደሆነ ግን በኤን ኦ ዲ መኪና ረጅም መንገድ የተጓዘ ሰው ይመሰክር።

በሱዳን በኩል ያለፋችሁ አትባራን ታውቋታላችሁ። እሷም የባቡር ከተማ ናት። የአትባራ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1946 ማኅበራቸውን አቋቁመው በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ ማኅበራቸውን እንዲቀበል አድማ መቱ። በመላው አካባቢያችን የሠራተኛ ማኅበር ከባቡር አካባቢ መነሳቱ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ሰሌዳ ሠራተኛውን ያስተሳስረዋል። ያንተ እረፍት የሚገኘው ሌላው በሰዓቱ ከመጣ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ትተዋወቃላችሁ። ደግሞም አሥር ሰው ቢቀር 784 ኪሎ ሜትር እንደሚቆም ሠራተኛውም አለቃውም ያውቃል። በእኛ አገር ማኅበር በሕግ የተፈቀደው ቆይቶ ነው። የሠራተኛና አሠሪ አዋጁ እ.ኤ.አ. በ1962 ወጣ፣ የመላ አገሪቱ ማኅበር በ1963 ተቋቋመ።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ልምጣ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተሰባቸው በዚህ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ስለ ውሳኔያቸው እስከ ዛሬ እንከራከራለን። ያን ባቡር የነዱት ሰዎች ግን አዲስ አበባ ሊወድቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ተረኛ ሆነው የተገኙ ሰዎች ናቸው። በ1969 የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ለአንድ ዓመት ያህል ተቆረጠ። በዚያው ጊዜ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው በእግሩ ጅቡቲ ገባ፤ አሊ ሳቢህና ዲኪል መጠለያ ሆኑ። ከዚያ በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ተስማምተው ስደተኛውን መመለስ ጀመሩ። የመለሱትም በባቡር ነው። «በፈቃደኝነት» ተባለ፤ እውነት በፈቃድ መሆኑ ግን ያኔም ብዙ አከራክሯል። ከሽማግሌዎቻችን ውስጥ በዚያ ባቡር የተመለሱና እንደገና የወጡ አሉ።

ለዚያም ባቡር ሹፌር የመደበ ሰው ነበረ። ይህን ሳስብ ቶሎ አልፌው መሄድ አልችልም። ሰሌዳ ደግም ክፉም አይደለም ይባላል፤ ለእህል ባቡርም ለስደተኛ ባቡርም መስመሩ ያው አንድ መስመር ነው። የጣቢያው ሹም ደውሎ መስመሩ ነጻ ነው ይላል። ሹፌሩ የድሬ ሰው ነው፣ ፉርጎው ውስጥ ካሉት ጋር አንድ ቋንቋ ሊናገር ይችላል። ቢቀር ደመወዙ ይቆረጣል፣ በዚያ ዘመን ከደመወዝ የባሰም ሊቆረጥ ይችላል። እኔ አልፈርድበትም። ግን ስደተኛ ስለሆንን ስለ እኛ ጉዞ የሚወስኑትን ትልልቆቹን ብቻ ማወቅ አይበቃንም። እዚህም ቢሆን ፋይላችንን የሚያስተኛውና የሚያስነሳው በጠረጴዛ ላይ ያለ ሰሌዳ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ አዋሽ አጠገብ አደጋው ደረሰ። ባቡሩ ኩርባ ላይ ካለው ድልድይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደረሰና ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከዚህ የከፋ ጥቂት ነው። ተጠያቂ የተደረገው ሹፌሩ ነው፤ በፍጥነት ስለነዳ። ፍጥነቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሹፌር ኩርባ ላይ ሳይቀንስ ቀረ ሲባል ባቡር የሚያውቁ አገሮች ቀጥለው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር? ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አረፈ? ማን መደበው?

እንግሊዞች ይህን ጥያቄ ሕግ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ ሠራተኛውን ከልክ በላይ የሚያሠራ ኩባንያ የተስተካከለ የሥራ ሰዓት ሰሌዳ እንዲያቀርብ መንግሥት ማስገደድ ቻለ። አሜሪካ በ1907 ባቡር የሚያስኬድ ሰው በተከታታይ ከ16 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ከለከለች። አሥራ ስድስትም ብዙ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ገምቱት። ሕግ ኖሮም ይረሳል። በ1988 ለንደን ክላፋም ላይ ባቡሮች ተጋጭተው 35 ሰው ሲሞት ምክንያቱ በትክክል ያልተነቀለ አንድ የምልክት መብራት ሽቦ ሆኖ ተገኘ። መርማሪዎቹ ግን እዚያ አላቆሙም። ሽቦውን የሠራው ሰው ከአደጋው በፊት በነበሩት 13 ሳምንታት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ መሆኑን አወጡ፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ ልክ እንዲበጅለትም ተደረገ። የእኛ አዋሽ ላይ ሞቶቹ ከአሥር እጥፍ በላይ ናቸው። የእኛ ክርክር ግን «ሹፌሩ ምን ሆኖ ነው?» ላይ ቆሞ ቀረ።

የቀረውን በአጭሩ። አሮጌው መስመር እየደከመ ሄዶ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የመንገደኛ ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ድሬዳዋ ጋራዡ ውስጥ ሎኮሞቲቮቹ አሁንም ቆመዋል፤ ጎብኚ ሲመጣ በፈረንሳይኛ የሚያስረዱ ሽማግሌዎችም ነበሩ። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የድሮውን የሦስት ቀን መንገድ በግማሽ ቀን ያህል ይጨርሰዋል። ሥራውን ለመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት ያስኬዱት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ርክክቡ በግንቦት 2016 ተደረገ። ለእኔ ትልቁ ቀን ምረቃው አይደለም፣ ይህኛው ነው። ሪባን ሲቆረጥ ሐዲዱ የእኛ ተባለ፤ ሰሌዳውን ማውጣት ግን ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። አያቶቻችንም ከፈረንሳዮቹ ያን ወረቀት እስኪረከቡ ብዙ ጠብቀዋል።

ሆልሆል መጠለያ ያላችሁ ልጆች፣ በሰፈራችሁ አጠገብ የምታዩት ያ ትልቅ የብረት ድልድይ የዚህ የአሮጌው መስመር ነው። በላዩ ያለፉትን ሰዎች ዝርዝር ማንም አላሰባሰበም። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በለገሃር፣ በአሊ ሳቢህ ወይም በጅቡቲ ባቡር ላይ ከሠሩ፣ የፈረቃ ወረቀት፣ የደመወዝ ካርድ፣ የሥራ ደብተር፣ የፈቃድ መጠየቂያም ቢሆን ካለ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስሙን ሸፍናችሁ ብትልኩትም ይሁን። ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ይታይ። ሽማግሌ ያላችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ባባ፣ ሌሊት ደክሟችሁ ስትገቡ ጧት እንዳትወጡ ማንን ነበር የምትለምኑት?» የሚሉትን ቅዱልኝ። በተለይ ከ1969 እስከ 1977 ያለውን እፈልጋለሁ።